ሳይተረጎም የቀረው

ወይዘሮ ሐረገወይን ጄኔቭ ከገቡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ፈረንሳይኛቸውን አገሬው ራሱ «የት ተማሩት?» እያለ ያደንቅላቸዋል። ቆሻሻውን በየዓይነቱ ይለያሉ፣ ቀጠሮ አያዛንፉም፣ በአገሬው ደንብ እሑድ ልብስ አያጥቡም። አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ አልሆነላቸውም፤ ችግርን ለፈረንጅ መናገር።

የመጡት በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዘመን ነበር። ጸሐፊ ሆነው በተቀጠሩበት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ አጥንቱ የወጣ የአገራቸው ሕፃን ፎቶግራፍ ተለጥፎ ነበር። ባልደረቦቻቸው መጀመሪያ ፎቶውን፣ ቀጥሎ እሳቸውን ያያሉ። አንዷማ አዝናላቸው የሳንድዊቿን ግማሽ በወረቀት ጠቅልላ ጠረጴዛቸው ላይ ትታላቸው ሄደች። ወይዘሮ ሐረገወይን ሽንት ቤት ገብተው አለቀሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እንዴት ነዎት?» ለሚላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ሆነ፦ «በጣም ደህና፣ አመሰግናለሁ።» ባላቸው የተቀበሩ ሳምንት እንኳ ያችኑ ነው የመለሱት። ይህን ኩራት ነው ብሎ የሚያደንቅ አይጠፋም። ወንድማቸው ላይ ያደረሰውን ያየ ግን አያደንቅም።

ወንድማቸው ንዋይ የሚኖረው ዙሪክ ነው፤ ሽዋመንዲንገን በሚባለው ሰፈር፣ አንዱ ከሌላው የማይለዩ ፎቆች በተደረደሩበት መንገድ፣ ከሚስቱ ከአፀደ ጋር። ልጅ አልወለዱም። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የፖስታ ጥቅል ሲያነሳና ሲያስቀምጥ ኖሮ ስኳርና ደም ግፊት ተባብረው ኩላሊቶቹን ጨረሱበት። ይኸው አራት ዓመቱ፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት መኪና መጥቶ ወደ ኩላሊት እጥበት ይወስደዋል። አራት ሰዓት ሙሉ ደሙ በማሽን ሲታጠብ ይቆይና እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ሆኖ ይመለሳል። ንቅለ ተከላው ልቡ አይችለውም ተብሎ ቀርቷል። ስኳሩ ደግሞ የጣቶቹን ስሜት ወስዶበታል። ቁልፍ አይቆልፍም፤ አያጎነብስም፤ ዝቅ ያለ ነገር ላይ ከተቀመጠ ሰው ካላነሳው አይነሳም።

ሸክሙ ሁሉ አፀደ ላይ ነው። ጠዋት አጥባው፣ አልብሳው፣ አብልታው ወደ ሥራዋ ትሮጣለች፤ ማታ ተመልሳ ያንኑ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ትሠራዋለች። የምትሠራው አንድ አረጋውያን ቤት ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ወገቧ እምቢ ካለ ሰነበተ። ሐኪሟ ሁለት መንገድ ብቻ አሳያት፦ ወይ የሥራ ሰዓቷን በግማሽ ቀንሳ እያረፈች ባሏን ትረዳለች፤ ወይ ንዋይ ዲቤንዶርፍ ያለ መጦሪያ ይገባል። ንዋይ ከዘጠና ዓመት ሽማግሌዎች ጋር ተደርድሮ መስኮት ሲያይ ሊውል ማለት ነው። ሥራዋን እንዳትቀንስ ደግሞ እሱ በሚያገኘው የጡረታ ገንዘብ የቤት ኪራዩ ተከፍሎ ለሌላው የሚተርፍ የለም።

መፍትሔውን የነገረቻቸው የእጥበት ክፍሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ናት። ዙሪክ ያለ አበሻ ሁሉ «ኢፋው» የሚለው የመንግሥት የአካል ጉዳት መድን፣ ያለ ሰው እጅ መኖር ለማይችል በሽተኛ የረዳት አበል ይሰጣል። ማመልከቻውን ራሷ ሞላችላቸው። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ በሽተኛውን ይጠይቃል። ማን ያለብስሃል? ማን ያነሳሃል? ማን ያጥብሃል? ሽንት ቤትስ? አበሉ ይሰጥ አይሰጥ የሚወሰነው በነዚህ መልሶች ነው።

«ጀርመንኛችን ለእንዲህ ያለ ነገር አይበቃምና ያሬድ የሚባል አስተርጓሚ እንልካለን ብለው ጽፈውልናል» አለች አፀደ በስልክ።

«የትኛው ያሬድ?»

«የማኅበራችን ጸሐፊ ነዋ፣ እትዬ። የሚካኤል ማኅበራችን።»

«አብደሻል እንዴ አፀደ? የማኅበር ጸሐፊ ፊት የንዋይ ገላ ሊወራ?»

«አስተርጓሚዎቹ እኮ ምስጢር ለመጠበቅ ፈርመዋል። ያሬድም እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለም።»

«ፊርማ ምላስ ያስራል? በወሩ ማኅበሩ ላይ ከንፈር ሲመጥጡለት ይታየኛል። እኔ እህቱ እያለሁ ምን በወጣው!»

አፀደ ባሏን ታውቀዋለች፤ ያሬድ ፊት አፉን እንደማይከፍት ገምታ እሺ አለች። ወይዘሮ ሐረገወይን በማግሥቱ መሥሪያ ቤቱ ደውለው አስተርጓሚውን አሰረዙት። ለጉዳዩ የተመደበችው ማዳም ሮሻ ጀርመንኛ በሚነገርባት ዙሪክ ትሥራ እንጂ ያደገችው ፈረንሳይኛ በሚነገርበት በሎዛን አጠገብ ነበርና ፈረንሳይኛ የሚናገር ቤተሰብ መኖሩን ስትሰማ ደስ አላት።

በኅዳር፣ ጉም ሐይቁን በሸፈነበት ሰሞን፣ ወይዘሮ ሐረገወይን በባቡር ዙሪክ ገቡ። ማክሰኞ ጠዋት አፀደ ለሥራ ስትወጣ በር ላይ እጃቸውን ያዘች።

«አደራ እትዬ፤ ሁሉንም ይንገሩልን። አንድም ነገር እንዳይቀር። እሱን አሳምኜዋለሁ፤ ይናገራል።»

«አታስቢ፣ ሂጂ አሁን።»

አፀደ እንደወጣች ወይዘሮ ሐረገወይን እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ በርጩማ አወጡ። ሽንት ቤቱ ላይ የተገጠመውን ማስቀመጫ ከፍ ማድረጊያ ነቅለው አነሱ። ሲራመድ የሚደገፍበትን ባለ ጎማ ብረት አጥፈው ከሌሎቹ ጋር በረንዳ ላይ አከማቹና አንሶላ አለበሱት።

«እሱን ለምን ታነሽዋለሽ፣ እትዬ?» አለ ንዋይ።

«እንግዳ ይመጣል አይደል እንዴ? ቤቱ ሆስፒታል ይምሰል?»

ከዚያ ጥቁር ሱፉን አወጡ። ሱሪውን አፀደ ከመሄዷ በፊት ለብሷል፤ እሳቸው ኮቱን አጠለቁለት፣ ክራባት አሰሩለት።

«ሠርግ አለ እንዴ?» አለ እየሳቀ። ከአንድ ዓመት ወዲህ ሲስቅ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበርና ደስ አላቸው። ደወሉ ሲጮህም በብብቱ ይዘው አነሱትና የወንበር መደገፊያ አስያዙት፤ ማዳም ሮሻ ስትገባ አቶ ንዋይ ቆሞ ተቀበላት።

አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ድምፅዋ ለስላሳ ሴት ናት። ወረቀቷን ዘረጋችና ጀመረች። ንዋይ ፈረንሳይኛ አይሰማም፤ ጥያቄዎቹን እህቱ ወደ አማርኛ ይመልሱለታል። ስሙ፣ ዕድሜው፣ የእጥበቱ ቀናት እያለ ቀላል ቀላሉ አለፈ። ከዚያ ማዳም ሮሻ «ጠዋት ሲለብስ የሚያግዘው ሰው አለ?» አለች።

ንዋይ ጥያቄው ሲተረጎምለት እጆቹን እያየ ቆየ። ይህን መልስ ሦስት ቀን ሲለማመደው ሰንብቷል። ለአፀደ ወገብ ሲል ነው።

«አፀደ ናት የምታለብሰኝ» አለ። «አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣኝ እግሬን አንድ በአንድ እያነሳች ሱሪዬን ታስገባልኛለች። የውስጥ ሱሪዬንም። ሽንት ቤት ከተቀመጥኩ አልነሳም፣ እትዬ። እሷ ናት የምታነሳኝ፣ እሷ ናት የምታጸዳኝ። አንድ ቀን አውቶቡስ ዘግይቶባት ሁለት ሰዓት ተኩል እዚያው ተቀምጬ ጠበቅኋት። አልቅሻለሁ። ንገሪያት፤ ሁሉንም ንገሪያት።»

ወይዘሮ ሐረገወይን ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር። መድከሙን እንጂ እዚህ መድረሱን አፀደም ነግራቸው አታውቅም። እናታቸው ስትሞት ንዋይ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ አጥበው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ደንግጠው ወደ ማዳም ሮሻ ዞሩ። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ይዛ በርኅራኄ ታያቸዋለች። ያች አተያይ! ከአርባ ዓመት በፊት ከፎቶግራፉ ወደ እሳቸው ስትዞር የነበረች አተያይ ናት።

«ሚስቱ አንዳንዴ ታግዘዋለች ይላል» አሉ በዚያ ባማረ ፈረንሳይኛቸው። «ትንሽ ጊዜ ይወስድበታል እንጂ ራሱ ይለብሳል።»

«ሽንት ቤትስ?»

«ቀስ ብሎ ይሄዳል።»

ማዳም ሮሻ ንዋይን፣ ቀጥሎ እሳቸውን አየች። «ብዙ ነው የተናገረው፤ ትርጉሙ ግን አጭር ሆነብኝ። የሚያሳፍር ነገር ቢኖር እንኳ ብትነግሩኝ ይሻላል። የምጠይቀው ለመርዳት ነው።»

«አይ፣ ወንድሜ ነገር ያረዝማል» አሉና ፈገግ አሉ።

ማዳም ሮሻ መታጠቢያ ቤቱን አየች። ንጹሕ ነበር፤ ምንም አልነበረበትም። ጽፋ፣ አመስግና፣ እጃቸውን ጨብጣ ሄደች። ንዋይም በሩ ሲዘጋ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ።

«ተገላገልኩ፣ እትዬ» አለ። «ደግ ሴት ናት። ፊቷን እንኳ አላጠቆረችብኝም።» ያን ቀን ምሳውን ከወትሮው አስበልጦ በላ። ወይዘሮ ሐረገወይን ግን ምሳቸውን ሳይነኩ ሳህኑን አነሱ። አንዲት ዐረፍተ ነገር ምን ትለውጣለች፣ የሐኪም ወረቀት አለ አይደል እንዴ እያሉ ራሳቸውን ሲያጽናኑ ጄኔቭ ደረሱ።

በጥር አፀደ ደወለች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«አልተፈቀደም፣ እትዬ። ‹ባለጉዳዩ በራሱ ይለብሳል፤ መጸዳጃ ቤት በራሱ ይጠቀማል፤ በቤቱ ውስጥ የመደገፊያ መሣሪያ አልተገኘም› ይላል ደብዳቤው። ንዋይ ሁሉንም ነግሬያታለሁ እያለ ይምላል። እርስዎ ምን ብለው ነው የነገሯት?»

 «ሴትዮዋ ሳይገባት ቀርቶ ይሆናል» አሉ ወይዘሮ ሐረገወይን።

 «ሠላሳ ቀን ሰጥተውናል መቃወሚያ ካለን። በረንዳ ላይ አንሶላ ለብሶ ያገኘሁትን ብረትስ ማን አወጣው ብዬ ልጻፍ?» አለችና ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለወይዘሮ ሐረገወይን ቀናት አልነበሩም። ቤተ ክርስቲያን ይሄዱና ቅዳሴው ሳያልቅ ይወጣሉ። ስልኩን ያነሱና መልሰው ያስቀምጡታል። የሚያሳፍራቸው መዋሸታቸው ብቻ አልነበረም፤ ንዋይ «ተገላገልኩ» ያለበት ፊት ነበር የማይለቃቸው። በስምንተኛው ቀን ባቡር ተሳፈሩ።

ንዋይ ከእጥበት ተመልሶ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። አፀደ ሥራ ላይ ናት። ወይዘሮ ሐረገወይን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«አልነገርኳትም፣ ንዋይ» አሉ። «ያን ቀን ያልከውን አልነገርኳትም። ራሱ ይለብሳል ብዬ ነው የነገርኳት።»

 ንዋይ ቀስ ብሎ ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ።

«እኔ እኮ ያን ያወራሁት ፈረንጇ ስለማታውቀኝ ነው» አለ። «ሄዳ ትረሳዋለች ብዬ። አሁን ለማን ነው የነገርኩት? ላንቺ ብቻ?»

«ገመናህን መሸፈኔ ነው፤ ክፉ አስቤ እንዳይመስልህ…»

«ገለጥሽው እንጂ መች ሸፈንሽው!»

ከዚህ ሌላ አልተናገራቸውም። ቢሰድባቸው፣ ቢጮህባቸው እንዴት በወደዱ ነበር።

መቃወሚያውን ያች ማኅበራዊ ሠራተኛ ጻፈችው። መሥሪያ ቤቱም ቅር ሳይለው ሁለተኛ ጉብኝት ፈቀደ፤ ሆኖም በዚህ ጊዜ የሚያስተረጉመው በመሥሪያ ቤቱ የተመደበው ሰው ብቻ እንደሚሆን፣ በመጀመሪያው ጊዜ ያስተረጎሙት እህትም ቀርበው ስለ ስሕተቱ እንዲያስረዱ አሳሰበ። ማዳም ሮሻ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራለች። የሚመጣው ሄር ፍራይ የሚባል ሰው ነው፤ አስተርጓሚው ያሬድ ነው።

ንዋይ ግን አሻፈረኝ አለ። አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ ያቺን ለመናገር የነበረችኝን አቅም ጨርሻለሁ፤ ሁለተኛ አልናገርም አለ። አፀደ ለመነችው፣ አለቀሰች። እንዲያውም አንቺም አፍሽን ብትከፍቺ በማግሥቱ ራሴ ዲቤንዶርፍ ሄጄ እገባለሁ ብሎ በሚካኤል ስም ገዘታት። እህቱን ግን አልገዘተም። እሳቸውማ እንደማይናገሩ እርግጠኛ ነበር።

በመጋቢት አንድ ሐሙስ ጠዋት አምስቱም ሳሎን ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ በርጩማው ገንዳው ውስጥ ነው፣ ብረቱም በር አጠገብ ቆሟል። ሄር ፍራይ ጥቂት ቃል የሚናገር፣ ሰዓቱን የሚያከብር ሽማግሌ ነው። ያሬድ ከጎኑ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ማንንም ላለማየት ምንጣፉን ያያል። እግዜር ይስጠው፣ ጨዋ ልጅ ነው።

«ጠዋት ልብስዎን ማን ያለብስዎታል? ይላሉ» አለ ያሬድ።

«ደህና ነኝ በላቸው» አለ ንዋይ። «እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሽንት ቤት ሲሄዱስ የሚያግዝዎት አለ ወይ?»

«ደህና ነኝ አልኩህ እኮ፣ ያሬድ።»

አፀደ ሻርፗን አፏ ላይ ጫነች። ሄር ፍራይ ጻፈ። አንድ ገጽ ገለጠና ወደ ወይዘሮ ሐረገወይን ዞሮ የሆነ ነገር ጠየቀ፤ ያሬድ ወደ አማርኛ መለሰው። ስለ ባለፈው ጉብኝት የሚሉት ካለ አሁን ይበሉ ነው።

ወይዘሮ ሐረገወይን በባቡሩ ላይ ሁሉን በፈረንሳይኛ አዘጋጅተው ነበር የመጡት። በፈረንሳይኛ ቃሉ አይከብድም፤ የሰው ነገር ይመስላል፤ ንዋይም አይሰማውም። «ፈረንሳይኛ ይችላሉ?» ብለው ጠየቁ። ሄር ፍራይ እንደማይችል በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ያሬድም ከጀርመንኛና ከአማርኛ ሌላ አያውቅም።

እንግዲህ በአማርኛ መሆኑ ነው። ወንድማቸው ክንድ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ተቀምጦ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ እያደመጠ።  ወይዘሮ ሐረገወይን አፀደን አዩ፤ ያ የተጣመመ ወገቧን፣ ትራስ ደግፋ የተቀመጠችበትን። ከዚያ ጀመሩ።

«ባለፈው ጊዜ ወንድሜ እውነቱን ተናግሮ ነበር። እኔ ነኝ ያልተረጎምኩት። የሚደገፍበትንም ብረት የደበቅሁት እኔ ነኝ።» ያሬድ እስኪተረጉም ጠበቁ። «ወንድሜ ሱሪውን ብቻውን አይለብስም። ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ፣ እግሩን አንድ በአንድ አንስታ ታስገባለታለች። የውስጥ ሱሪውንም እንዲሁ።»

ያሬድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በጀርመንኛ አለው። ንዋይ አልተነቃነቀም።

«ሽንት ቤት ከተቀመጠ ብቻውን አይነሳም። የምታነሳውም፣ የምታጸዳውም አፀደ ናት። አንድ ቀን…» እንደገና ጀመሩት። «አንድ ቀን እስክትመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል እዚያው ተቀምጦ ጠብቋታል። አልቅሷል።»

ቃሉ አንድም ሳይጎድል ራሱ የነገራቸው ነበር። ያሬድ ተርጉሞ ጨረሰ። ሄር ፍራይ ጽፎ ሲያበቃ ቀና ብሎ ንዋይን አንድ ነገር ጠየቀው።

«የተባለው እውነት ነው ወይ? ይላሉ» አለ ያሬድ፣ ምንጣፉን እያየ።

 አፀደ ዓይኗን ጨፈነች። ወይዘሮ ሐረገወይን ወንድማቸው ወደ እሳቸው ይዞር እንደሆነ ጠበቁ፤ ለቁጣም ቢሆን ይዙር ብለው። አልዞረም።

«ሴትዮዋ ያሉት ልክ ነው በላቸው» አለ።

አበሉ በግንቦት ተፈቀደ። አፀደ የሥራ ሰዓቷን በግማሽ ቀነሰች፤ ከሰዓት በኋላ ትተኛለች፤ ወገቧም ሻል ብሎታል። ዲቤንዶርፍን የሚያነሳ ሰው የለም። ያሬድም አንዲት ቃል ለማንም አልተነፈሰም፤ በማኅበሩ ላይ ስለ ንዋይ ሲጠይቁት «ደህና ናቸው» ይላል አሉ።

ወይዘሮ ሐረገወይን በየእሑዱ ከጄኔቭ ይደውላሉ። አፀደ ታነሳዋለች፤ ስለ እጥበቱ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ አየሩ ይጫወታሉ። መጨረሻ ላይ፦ «እስኪ ንዋይን አገናኚኝ» ይላሉ።

«ተኝቷል፣ እትዬ» ትላለች አፀደ ቀስ ብላ።

እኩለ ቀን ነው። ከአፀደ ድምፅ ጀርባ ቴሌቪዥኑ ይሰማል፤ ንዋይም «መነጽሬን የት አደረግሽው?» ሲል ጥርት ብሎ ይሰማል።

«እንግዲያውስ ይተኛ፤ አትቀስቅሺው» ይሉና ወይዘሮ ሐረገወይን ስልኩን ይዘጋሉ።